በምትግል ባጃጅ ዳንግላ ደርሶ መልስ

ጠዋት 12፡40፣ ቆሰበር

ይህን ጉዞ ለሽርሽር አልወጣሁትም። ባጃጃችን ዳንግላ ላይ ልትሸጥ ነበር፤ እኔ የተነሳሁት እንዳትሸጥ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ባጃጇን የገዛናት አባቴ ፈረሳቸውንና ጋሪያቸውን ሸጠው፣ እኔ ደግሞ በድንች መጋዘን ሦስት ዓመት ጆንያ ተሸክሜ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ ነው። ጠዋት እኔ እነዳለሁ፣ ከሰዓት ታናሽ ወንድሜ አበጀ ይነዳል። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ካለፈው ኅዳር ወዲህ ግን ሞተሯ ያለ ልክ መጋል ጀመረ። ሦስት ሰው ጭኜ ከመናኸሪያው ትንሽ እንደራቅሁ ጉልበቷ ይከዳታል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ቆማ ስትበርድ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ተሳፋሪ ግማሽ ሰዓት አይጠብቅም፤ እየረገመኝ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል።

የሰፈራችን መካኒክ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» አለ። ፋሻ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት ነው። ሁለተኛው መካኒክ ሞተሩን በቅጡ ሳያይ ያንኑ ደገመ። ፋሻ ያለቀበት ሞተር ዘይት ይጠጣል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ የኛዋ ዘይት አትጠጣም፣ ጭስም የላት። ይህን ስናገር ሁለቱም የሰሙኝ አይመስሉም ነበር። ቀሚስ ለብሰሽ ስለ ፒስተን ስታወሪ የወንድ ጆሮ ይደፈናል።

አበጀ ተስፋ ቆረጠ። ዳንግላ ያለ አንድ የጋራዥ ባለቤት አግኝቶ፣ ሰውየው ፈታትቶ ዕቃዋን እንዲቸረችር ሊሸጥለት ተዋዋለ። ማስረከቢያው ቅዳሜ ነው። እሷ ከሄደች እኔ የምመለሰው ወደ ድንች ጆንያ ነው፤ ወገቤ ደግሞ ከዚያ ሥራ በቂውን አግኝቷል።

«ቅዳሜ እኔው ነድቼ እወስዳታለሁ» አልኩት። «በመንገዴ በሽታዋን ካገኘሁት ፀሐይ ሳትጠልቅ በራሷ ጎማ ትመለሳለች። ካላገኘሁት አስረክቤያት በሚኒባስ እመጣለሁ።»

«አንቺ መካኒክ ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም። እነሱስ ናቸው?»

ባጃጅ ተራው ላይ የነበሩት አሽከርካሪዎች ሳቁ። አንዱ «ደብሬ፣ ገመድ ያዥ፣ ስትመለሺ በአህያ ትጎተቻለሽ» አለኝ። አበጀ ግን የእኔን ግትርነት ያውቀዋልና «እስከ ፀሐይ መጥለቂያ» ብሎ እጄን መታኝ። ያን ዕለት የከተማ መውጫ ፈቃዴን አወጣሁ።

እነሆ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ወሩ ጥር። ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ነጭ ሆኗል፤ ጣቶቼ ቁልፍ አልይዝ ብለዋል። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ሳልጠራቸው ከባጃጇ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ዘንድሮ ብርዱ ከከፋ ወዲህ ማታ ማታ ሞተሩን ጫፉ ቀይ በሆነ ወፍራም የበግ ፀጉር ባና የሚሸፍኑት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ጋሪ የነዱ ሰው ስለሆኑ፣ ላብ የያዘውን ፈረስ ሳያለብሱ ለቆሰበር ነፋስ ሰጥተው አያውቁም። እኔም ጠዋት ባናው እንዳለ ሞተሩን አስነሳና አምስት ደቂቃ ያህል አሞቃታለሁ። ተራው ላይ ያሉት ሁሉ ጆንያም ሆነ አሮጌ ብርድ ልብስ ጣል ያደርጋሉ፤ የዚህ አገር ብርድ ቀልድ አያውቅም።

«አባዬ፣ እርስዎ የት ነው?»

«ዳንግላ። ፈረሴን ሸጬ የገዛኋትን ብቻዋን ለአራጅ አልልካትም» አሉኝ። ባናውን አንስተው፣ አጥፈው የኋላ ወንበር ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት። ክርክር አላዋጣኝም፤ ግትርነቴን የወረስኩት ከእሳቸው ነው።

1፡25፣ ከከተማው ወጣ ብሎ

ወደ ዳንግላ የሚወስደው አስፋልት ግራ ቀኙ የከሰል ዛፍ ነው፤ እኛ ዲከረንስ የምንለው። ገበሬው ዘርቶ በአምስት ዓመቱ ይቆርጠዋል፣ እዚያው ያከስለዋል። በየመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ይቆማል፣ አየሩም ጢስ ጢስ ይላል። ሰባት ኪሎ ሜትር እንደሄድን ጉልበቷ ወረደ። ሽታው መጣ። ሳትቆም አስቆምኳት።

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «ሰባት ኪ.ሜ.፣ ሜዳ፣ ሁለት ሰው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የዘይቱን ልክ አየሁ፤ ሙሉ ነው፣ መልኩም አልጠቆረም። ፍሬኑ ጎማውን ይዞ ሞተሩን እያደከመው ይሆን ብዬ ሦስቱንም ጎማዎች መሐላቸውን በእጄ ዳሰስኩ። ቀዝቃዛ ናቸው። እንግዲህ ፍሬንም አይደለም፣ ዘይትም አይደለም።

ከሰል የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ በቢጫ ጀሪካን ውሃ ይዛ መጣች። «አፍሺባት እንጂ፣ ትብረድ» አለችኝ።

«እትዬ፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱ ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል።»

«ይቺም እንደዚያው ናት።»

«ውይ! ተይው እንግዲያ፣ ለራስሽ ጠጭው» አለችና ጀሪካኑን ለእኔ ያዘችልኝ። ጠጣሁ፤ ጥርስ የሚነቅል ውሃ ነው።

እዚያው እንደቆምን ሁለት ፈረሰኞች በኋላችን መጡ። በጥር፣ ለፈረሰኞች በዓል፣ ፈረስ ሁሉ ይሸለማል፤ የእነዚህም ግንባራቸው ላይ ቀይ ጥለት ተንጠልጥሏል፣ ኮርቻቸው በአዲስ ጨርቅ ተለብጧል። ፊተኛው ጋላቢ በዕድሜ ጠና ያለ ነው፣ አባቴን አወቃቸውና ልጓሙን ሳበ።

«አያ ፈንቴ! ፈረስ ሽጠው ቆመው ለመዋል ነው?» አላቸው በአማርኛ፤ ከዚያ በአገውኛ ጨመረበትና ጓደኛው ከኮርቻው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። አባቴ በአገውኛ አንድ አጭር ቃል መለሱለት። ለእኔ ሊተረጉሙልኝ አልፈለጉም። ፈረሶቹ አቧራቸውን አልብሰውን አለፉ፣ እኔም ልቤ እየደበነ አበጀን፣ መካኒኮቹን፣ ፈረሰኞቹን በየተራ ረገምኳቸው።

3፡10፣ አዲስ ቅዳም

ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ስትገቢ በሰውና በአህያ መሐል መንገድ በክርን ይከፈታል። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ የቀርከሃ ቅርጫቱ፣ ገመድ የታሰረው በግ ሁሉ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ነው። ገበያው ጫፍ ሳንደርስ ሁለተኛ ጊዜ ጋለች። «ስድስት ኪ.ሜ.፣ ዳገት» ብዬ ጻፍኩ፤ ትንሽ አብርጃት ገባን።

አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀመጥን። ሻይ አሥራ አምስት ብር፣ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በሰሃን ሠላሳ። አባቴ ድንቹን እያቀዘቀዙ ሲበሉ እኔ ካንዴላውን ፈታሁ። ካንዴላ እሳት የሚጭረው ነው፤ የሞተሩን የውስጥ ጠባይ እሱ ይናገራል። ጫፉ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ከጠቆረ በዝቶበታል። የኔው መልኩ የሸክላ ነበር፤ እንደሚፈለገው። ስለዚህ ነዳጅም አይደለም። አጠገቤ የቆመ የሚኒባስ ረዳት «ጤነኛ ናት እኮ» አለ፣ ሳልጠይቀው። ያን ቀን ጥሩ ነገር ያወራ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

አባቴ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ከሞተሩ ሥር አጎነበሱ።

«ልጄ፣ ፈረስ ዳገት ላይ ሲደክም መጀመሪያ የምታይው አፍንጫውን ነው። ከተከፈተ ድካም ነው፣ ያልፋል። ከጠበበ በሽታ ነው። ይቺ በየት በኩል ነው የምትተነፍሰው?»

«በካርቡሬተሯ ነዋ አባዬ፣ እሱ ንጹሕ ነው» አልኳቸው፤ በችኮላም በትዕቢትም።

«እሱ የምትበላበት ነው። እኔ የምልሽ የምትተነፍስበትን ነው።»

ፈገግ ብዬ ካንዴላዬን አጠበቅሁ። የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

4፡30፣ ወደ ዳንግላ ቁልቁል

ከአዲስ ቅዳም በኋላ አገሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ብርዱ ይለቃል፣ ሜዳው ይሰፋል፣ ጋቢ ከትከሻ ይወርዳል። አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሳልሰጣት፣ በራሷ ክብደት እየተንከባለለች ስትሄድ ያ ሽታ መጣ። ፍሬን ያዝኩ።

አምስት ኪሎ ሜትር አልሞላም። ዳር ይዤ ቆምኩና ደብተሬን ከፈትኩ። ሜዳ ላይ ጋለች፣ ዳገት ላይ ጋለች፣ እሺ። ቁልቁለት ላይ፣ ምንም ሳትሠራ መጋል ግን ምን አመጣው? ሰው ተኝቶ አያልበውም፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ካልታፈነ በቀር። ይህን ሳስብ ድንገት ነቃሁ። ሞተሩ ሙቀት እያበዛ አይደለም፤ ሙቀቱ መውጫ ነው ያጣው። የባጃጅ ሞተር ውሃ የለውም። ከጎኑ ያለ ማራገቢያ ከውጭ አየር ስቦ፣ በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ፣ በሲሊንደሩ ጥርሶች መካከል ይሰድና ከሥር ያስወጣዋል። የሚያበርደው ያ አየር ብቻ ነው።

አባቴ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። በየት ነው የምትተነፍሰው።

ወንበራቸው ላይ ሆነው መንገዱን እያዩ ነው። «አባዬ፣ የጠየቁኝ ልክ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ሳይዞሩ።

ሽፋኑን እዚያው መፍታት ፈለግኩ፤ አንዱ ብሎን ዝጎ አልነቃነቅ አለኝ፣ የያዝኩትም ቁልፍ ጥርሱ አልቋል። ቀስ ብለን፣ እያቆምን እየተነሳን ቀጠልን።

6፡15፣ ዳንግላ

ዳንግላ በጋሪ ትታወቃለች። የፈረሶቹ ቃጭል፣ የባጃጁ ጡሩምባ፣ የእህል ነጋዴው ጩኸት አንድ ላይ ነው። አባቴ የቆመ ጋሪ ባዩ ቁጥር አንገታቸው ይዞራል፤ የፈረሱን እግር እንጂ ነጂውን አያዩም። «ይሄ በግራ ያነክሳል» ይላሉ፣ «ያንን ሰኮናውን በደንብ አልሠሩለትም»። የታመመ ፈረስ ሁሉ የእሳቸው ነው።

ጋራዡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ገዢው ሙሉቀን የሚባል በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፣ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሯል፣ አፉ ግን የተወለወለ ነው።

«የአበጀ እህት ነሽ? በራሷ መጣች? እኔ እኮ በአይሱዙ ትጫናለች ብዬ ነበር!» አለና መዳፉን ሽፋኑ ላይ አስጠግቶ መለሰ። «አዎ፣ ፒስተኑ አልቆለታል። አስገቢያት፣ እንፍታት።»

«ከመፈታቷ በፊት አንድ ነገር አሳየኝ» አልኩት።

«ምን ልታይ?»

ግቢው ውስጥ ጥገናዋን የጨረሰች ሌላ ባጃጅ ሞተሯ በርቶ ቆማለች። ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ፣ አጎንብሼ ከሞተሯ ሥር አየር በሚወጣበት ቦታ ያዝኩት። ወረቀቱ ተርገበገበ፣ ከእጄ ሊወጣ ታገለ። የኛዋን አስነስቼ እዚያው ቦታ ያዝኩት። ወረቀቱ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ወረቀት ሞተር አይፈውስም» አለ ሙሉቀን።

«አይፈውስም፤ ይናገራል። ሽፋኑን ፍታልኝ። ከሥሩ ምንም ከሌለ ባጃጇን ውሰድ፣ አንድ ቃል አልጨምርም። የፈታህበትን ዋጋም እከፍላለሁ።»

ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጥለው ከበቡን። ሰው ሲሰበሰብ እሺ አለማለት ለእሱም ከበደው። የዛገውን ብሎን ዘይት አጠጣው፣ በመዶሻ መታ መታ አደረገው፣ አራቱም ወጡ። ሽፋኑ ተነሳ።

የሲሊንደሩ ጥርስ አይታይም ነበር። ጥቁር ነገር ከላይ እስከ ታች ተጋግሮበታል፣ ግማሹ ከዘይትና ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ደርቋል፣ ግማሹ በእሳት ተኮማትሯል። ሙሉቀን በመፍቻ ጫፍ ቆንጥሮ አወጣው፤ ቁራሽ ሆኖ ተላቀቀ። አሸተተው።

«የበግ ፀጉር ነው! በግ ነው እንዴ የምትጭኑባት?»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር። አባቴ ግን ቁራጩን ከእጁ ተቀብለው በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ከመሐሉ አንዲት ቀይ ክር መዘዙ። ጫፉ ቀይ የሆነው የእሳቸው ባና ነው። እኔ ገና ሳስብ እሳቸው ጨርሰውት ነበር።

«ባናዬ ነው» አሉ፣ በቀስታ።

እየሸፈኑት፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ሳላነሳው እያስነሳሁ፣ ማራገቢያው የባናውን ፀጉር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሳበ ወደ ውስጥ ይውጠው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ብርድ እንዳይነካት ስንል እስትንፋሷን ነው የዘጋነው።

«አባባ፣ ሞተር አለበሱት?» አለ ሙሉቀን፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። «ታዲያ ገብስም ያብሉታ!»

ግቢው ሁሉ ተንጫጫ። አባቴ ቀይዋን ክር ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ቆሙ። በሕይወቴ አባቴን አንገታቸውን ደፍተው ያየኋቸው ያኔ ነው። ደሜ ፈላ።

«ስማ» አልኩት፣ «እሳቸው በየት ነው የምትተነፍሰው ብለው ጠየቁ። አንተ እጅህን ጣል አድርገህ ፒስተን ነው አልክ። ሦስት መካኒክ ያላየውን ያዩት ጋሪ ነጂ ናቸው። ባናው ውስጥ አስነስቼ ፀጉሩን ያስዋጥኳት ደግሞ እኔ ነኝ። መሳቅ ከፈለግህ በእኔ ሳቅ።»

ሙሉቀን ሳቁን ዋጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በችኮላ የሚኖር ሰው ነው። ብሩሽና ቤንዚን አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አጸዳን፣ የማራገቢያውን ክንፎችም እንዲሁ። ሲጨርስ ሽፋኑን ገጥሞ፣ አዲስ ወረቀት ራሱ ከደብተሬ ቀዶ ከሥር ያዘው። ወረቀቱ ተርገበገበ።

«ውሰጃት» አለኝ። «ለአበጀ ውሉን ትቼዋለሁ በይው።» ለፈታበት ሦስት መቶ ብር ጠየቀ፣ ሳልከራከር ሰጠሁት። ለአባቴም ወንበር አምጥቶ «አያ፣ አይቀየሙኝ» አላቸው። «አልቀየምም» አሉት፣ ግን አልተቀመጡም።

9፡00፣ መልስ

ምሳችንን ሽሮ በልተን ተነሳን። ከዳንግላ ወደ ቆሰበር መንገዱ ዳገት ነው፤ ፈተናውም እሱ ነው። አምስተኛው ኪሎ ሜትር አለፈ። ሰባተኛው አለፈ። ጠዋት የቆምንበትን ቁልቁለት አሁን ሽቅብ ይዘነው በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ አፍንጫዬን አሹዬ ሽታውን ጠበቅሁ። የመጣው የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። ሆን ብዬ ቆሜ መዳፌን አስጠጋሁ፤ ሙቀቱ የሥራ ሙቀት ነው፣ ከሥር የሚወጣው አየር ፊቴን መታኝ። ብቻዬን ጮህኩ። መንገድ ዳር የነበረ አንድ ገበሬ እብድ መሰልኩት መሰለኝ፣ ፈጥኖ አለፈ።

አዲስ ቅዳም ገበያው እየተበተነ ነበር። አንዲት ባልቴት ሁለት ዶሮና አንድ ቅርጫት ይዘው እጃቸውን አነሱልኝ፣ ጫንኳቸው። ለወትሮው ከተሳፋሪ ጋር ወሬ የማይቋረጥባቸው አባቴ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል። በመስታወቱ አየኋቸው፤ ቀይዋ ክር አሁንም ጣታቸው ላይ አለች።

ያን ጊዜ ለአበጀ የምነግረውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። አቧራ ነው እለዋለሁ። የመንገድ አቧራ ገብቶ ዘግቶት ነበር፣ ጠረግነው። ማንም አይከስስም፣ ማንም አያፍርም። አሳምሬ አጠናሁት።

11፡20፣ ቆሰበር

ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ከዛፎቹ በላይ ነበረች። ብርዱ ግን ቀድሞን ገብቷል። ባጃጆቹ ተራ ይዘው ቆመዋል፣ ሁሉም ኋላቸውን በጆንያና በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። አሽከርካሪዎቹ አንድ ላይ ተኮልኩለው እጃቸውን እያሹ ሲያወሩ እኔ ጡሩምባዬን ይዤ ሳልለቅ መሐላቸው ገባሁ። በአህያ ትጎተቻለሽ ያለኝን ሰው እግሩ ሥር አቆምኳት። አበጀ ሮጦ መጣ፣ ሞተሩን ነካ፣ እኔን አየኝ።

«ሳትቆም ነው የመጣችው?»

«ከዳንግላ እዚህ፣ ዳገቱን ሁሉ። ባልቴትና ዶሮ ጭና።»

«ምን ነበር ታዲያ?»

«አቧራ» አልኩት። «የመንገድ አቧራ ገብቶ ነው፣ ጠርገነው መጣን።»

አባቴ በትራቸውን አስቀድመው ከኋላ ወረዱ።

«አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር፣ ፈረስ የሚጠሩበት ድምፅ። «አቧራ አይደለም። እኔ ነኝ ያፈንኳት። በባናዬ። ፀጉሩ ገብቶ መተንፈሻዋን ዘጋው። ደብሬ እኔን ልትሸፍን ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ። «ባጃጇን እንደ ፈረስ!» ይላሉ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ።  አባቴ ግን አንገታቸውን አልደፉም። በትራቸውን ተደግፈው ሳቁ ጋብ እስኪል ጠበቁ፣ ከዝናብ እንደሚጠለል ሰው።

«ጨረሳችሁ?» አሉ። «እንግዲህ የናንተን እዩ።»

ወደ መጀመሪያዋ ባጃጅ ሄደው ጆንያውን ገፈው መሬት ላይ ጣሉት። የሁለተኛዋን ብርድ ልብስ ገፈፉት። ማንም አልከለከላቸውም። ሦስተኛዋ የዚያ የገመዱ ሰው ነበረች፤ አባቴ ሳይደርሱበት ራሱ ሄደ፣ ጆንያውን አነሳ፣ እጁን ከሞተሩ ሥር ሰደደ። የሚያወጣው ነገር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናይ ነበር፤ የተበጣጠሰ የጆንያ ክር፣ እፍኝ ሙሉ። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

«በአንድ ወር ውስጥ አንተም ፋሻ አለቀ ትባል ነበር» አሉት አባቴ፣ ያለ ቂም። ከዚያ ወደ አበጀ ዞሩ። «ነገ ማነው የሚነዳት?»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሳያዩ የሚፈርዱ ሰዎችን ቀኑን ሙሉ ስታገል ዋልኩ፣ በዚህም ኩሩ ነበርኩ። መካኒክ አልፈራሁም፣ ፈረሰኛ አልፈራሁም፣ የዳንግላን ግቢ ሳቅ አልፈራሁም። የመጨረሻዋ ደጃፍ ላይ ስደርስ ግን አባቴ ይሳቅባቸው ይሆን ብዬ ሐሰት ተናገርኩ። ፈሪዋ እኔ ነበርኩ። እውነቱን ተናግረው በሳቅ መሐል የቆሙት ግን የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፤ በእሳቸው መቆም ስንት ሞተር እንደዳነ ተራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ሙሉቀን ውሉን እንደተወው ነገርኩት፤ አበጀ ሊደውልለት ያወጣውን ስልክ መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ጠዋት እሷ» አለ፣ «ከሰዓት እኔ።»